የውሃ ውል፦ ከምንጩ እስከ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ማን ምን ተስማማ?

ባለፈው መጋቢት አንድ ማለዳ ጎረቤቴ የውሃ ቢል ይዘው ወደ ቤቴ መጡ። ሰፈሩ ሁሉ እማማ የሚላቸው፣ ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ የሰንበቴ ተራቸው ሲደርስ ጠላ የሚጠምቁ ሴት ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ በወር 3 ሜትር ኩብ እየተባለ ሲመጣላቸው የቆየው ቢል በአራተኛው ወር 15 ሆኖ መጥቷል። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ውሃ የት አደረስኩት?» አሉኝ። ቧንቧቸው አያንጠባጥብም። ቆጣሪውንም የነካው ሰው የለም።

ከቢሉ ጋር ባመጡት አሮጌ ፌስታል ውስጥ የቤቱ ካርታ፣ የግብር ደረሰኞችና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ሟች ባለቤታቸው ቧንቧ ባስገቡበት ጊዜ የፈረሙት የውሃ አገልግሎት ውል ነው። መደቡ ላይ ዘርግተን አነበብነው። የጥያቄያቸው ግማሽ መልስ እዚያ ውስጥ ነበር፤ ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ግን የከፈተው ሰው አልነበረም።

በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት፣ በመሐል ሜዳም ሆነ በዓለም ከተማ፣ የቧንቧ ውሃ ያለው ቤት ሁሉ እንዲህ ያለ ስምምነት አለበት። የገጠሩም ሰው በቃል ይሁን በጽሑፍ የራሱ ስምምነት አለው።

ውሉ የማንና የማን ነው?

በአንድ ወገን ደንበኛው አለ። በሌላው ወገን ያለው የከተማው የውሃ አቅርቦትና ፍሳሽ አገልግሎት ነው። ይህ መሥሪያ ቤት የመንግሥት ቢሆንም የሚመራው በውሃ ቦርድ ነው፤ ለደመወዝ፣ ለመብራት፣ ለኬሚካልና ለጥገና የሚያወጣውን ገንዘብም በዋናነት የሚያገኘው ደንበኞቹ ከሚከፍሉት ነው። የአገሪቱ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ የከተማ ታሪፍ ሙሉ ወጪን እንዲመልስ፣ የገጠሩ ደግሞ የማንቀሳቀሻና የጥገና ወጪን እንዲሸፍን ያስባል።

«ውሃ የፈጣሪ ነው፤ ለምን እከፍላለሁ?» የሚለው ጥያቄ በየሰፈሩ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይናገራል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992ም ውሃን የኢትዮጵያ ሕዝብና መንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል። ስለዚህ የምንከፍለው የውሃውን ዋጋ አይደለም። ወፍጮ ቤት እንደ መሄድ ነው፤ እህሉ የራሳችን ነው፣ የምንከፍለው የማስፈጫውን ነው። ውሃውን ከጉድጓድ የሚስበው ፓምፕ መብራት ይበላል፤ ኮረብታ ላይ ያለው ማጠራቀሚያ ይታጠባል፤ ክሎሪን ይጨመራል፤ ከዚያም ውሃው በራሱ ክብደት ቁልቁል እየተገፋ በመስመሩ ወደየቤቱ ይደርሳል። መብራት ሲጠፋ ውሃም የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ካለቀ ቁልቁል የሚወርድ ነገር አይኖርም።

ውሉን የሚያዘጋጀው አገልግሎቱ ነው። ደንበኛው አንቀጽ አያስቀይርም፤ ይፈርማል ወይም ቧንቧ አያስገባም። ከተፈረመ በኋላ ግን፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት፣ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል ሁለቱንም ወገን እንደ ሕግ ይገዛል። «ሁለቱንም» የሚለው ቃል ይሰመርበት። ብዙ ሰው ውሉን የሚያስበው ደንበኛው የሚቀጣበት ወረቀት አድርጎ ብቻ ነው። ይኸው ሕግ አንድ ወገን ለራሱ ያወጣው የአሠራር ደንብ ሌላውን የሚያስገድደው፣ ያ ሰው አውቆት ከተቀበለው ወይም ሥልጣን ያለው የመንግሥት አካል ካጸደቀው እንደሆነም ይናገራል። በመስኮቱ በኩል «መመሪያው ነው» ሲባሉ «መመሪያውን ማን አጸደቀው? ላየው እችላለሁ?» ብሎ መጠየቅ ነገር መፈለግ አይደለም።

የማን ኃላፊነት የት ላይ ያበቃል?

ቆጣሪው ላይ። ከምንጩ እስከ ቆጣሪው ያለው መስመር የአገልግሎቱ ነው፤ ከቆጣሪው በኋላ ወደ ግቢ የሚገባው የደንበኛው ነው። ቆጣሪው ራሱ በአብዛኛው የአገልግሎቱ ንብረት ሆኖ ደንበኛው በአደራ የሚጠብቀው ነው፤ ማኅተሙን መቁረጥ የሚያስቀጣውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህች ድንበር ትንሽ ትመስላለች፤ ገንዘቡ የሚፈስሰው ግን በእርሷ ዙሪያ ነው። መንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ ቢፈስ በእርስዎ ቢል ላይ አይመጣም። ግቢዎ ውስጥ፣ ከድንች መደቡ ሥር፣ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለ ግን እያንዳንዱ ሊትር ይቆጠራል። በሰዓት አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብቻ የሚሞላ ስንጥቅ በቀን 480 ሊትር፣ በ30 ቀን 14,400 ሊትር ያፈስሳል። ይህ 720 ጀሪካን ነው።

ስንጥቅ መኖሩን ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ይዝጉ፤ የሮቶው መሙያም ይዘጋ። ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችውን ትንሿን ተሽከርካሪ ይመልከቱ። ሁሉም ተዘግቶ እርሷ ከዞረች ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። በእማማ ቤት ተሽከርካሪዋ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ችግሩ ከቧንቧው እንዳልሆነ የለየነው በዚህ ነው።

ታዲያ ቢሉ ለምን ዘለለ?

ቆጣሪው የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው። አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር፣ ማለትም 50 ጀሪካን ነው። ጥቁሮቹ አኃዞች ሙሉ ሜትር ኩብ ያሳያሉ፤ ቀዮቹ ቁርጥራጩን። ቆጣሪ አንባቢው የዛሬውን ጥቁር ቁጥር ይጽፋል፤ ካለፈው ወር ይቀነሳል፤ ልዩነቱ ፍጆታ ይሆናል። አንባቢው ሲመጣ በሩ ዝግ ከሆነ ግን ቁጥሩ በግምት ይሞላል፤ በተከታዩ ጊዜ ሲነበብ ይስተካከላል። የእማማ ውልም «ማንበብ ካልተቻለ ባለፉት ወራት አማካይ ይሰላል» ይላል። እርሳቸው ልጃቸውን ለማስታመም አዲስ አበባ ሲመላለሱ፣ ልጆቹም ትምህርት ቤት ሲውሉ፣ በሩ ሦስት ወር ተከታትሎ ዝግ ሆኖ ቆይቷል። የእርሳቸው እውነተኛ ፍጆታ በወር 6 ሜትር ኩብ ነበር፤ የተገመተው ግን 3። በየወሩ 3 እየቀረ በሦስት ወር 9 ተጠራቀመ። አራተኛው ወር ላይ ቆጣሪው ሲነበብ የወሩ 6 እና የተጠራቀመው 9 ተደምረው 15 ሆኑ።

እስከዚህ ድረስ የተበደለ ሰው የለም፤ የጠጡትን ነው የከፈሉት። በደሉ የሚመጣው ከታሪፉ ቅርጽ ነው። በብዙ ከተሞች ታሪፉ እንደ ደረጃ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኩቦች ርካሽ ናቸው፣ ከፍ ሲሉ ዋጋው ይጨምራል። ሐሳቡ ደኅና ነው፤ ለመጠጥና ለማብሰያ የሚያስፈልገው ውሃ ደኻውም የሚችለው እንዲሆን፣ መኪና የሚያጥብና አትክልት የሚያጠጣ ደግሞ ከፍ አድርጎ እንዲከፍል ነው። ለማስረዳት ያህል የመጀመሪያዎቹ 5 ሜትር ኩቦች እያንዳንዳቸው 10 ብር፣ ቀጣዮቹ 5 በ15 ብር፣ ከዚያ በላይ ያለው በ20 ብር ነው እንበል። በየወሩ 6 ሜትር ኩብ ቢነበብ ኖሮ ወርሃዊው 65፣ የአራት ወሩ 260 ብር ነበር። በግምቱ ግን ሦስት ጊዜ 30፣ ከዚያ ለ15 ሜትር ኩቡ 225፣ በድምሩ 315 ብር ይሆናል። 55 ብሩ የመጣው ውሃ ስለበዛ አይደለም። የአራት ወር ውሃ በአንድ ወር ስለተከመረና ወደ ውዱ ደረጃ ስለወጣ ነው።

ከዚህ የባሰው ችግር ተከራይ ያለበት ግቢ ነው። ስድስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 4 ሜትር ኩብ ቢጠቀምና የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው፣ በዚሁ ምሳሌ እያንዳንዱ 40፣ ሁሉም 240 ብር ይከፍሉ ነበር። አንድ ቆጣሪ ሲጋሩ ግን 24 ሜትር ኩቡ በአንድ ስም ይሰላል፤ 405 ብር ይመጣል። ለደኻው የታሰበው ርካሽ ደረጃ ለአንድ ግቢ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ፣ በአንዲት ክፍል ተጨናንቆ የሚኖረው ሰው ቪላ ውስጥ ብቻውን ከሚኖረው በላይ ለአንድ ጀሪካን ይከፍላል። ይህን ሳሰላ ያዝናል ልቤ። መፍትሔው አከራዩ ብዛታቸውን በጽሑፍ አሳውቆ ተጨማሪ ቆጣሪ ወይም የጋራ ግቢ ስሌት መጠየቅ ነው፤ አገልግሎቱ የሚፈቅደው መሆኑን ማወቅ የሚቻለው ግን ሲጠየቅ ብቻ ነው።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ውሉ ፈረሰ ማለት ነው?

አይደለም። አብዛኞቹ ውሎች ውሃ 24 ሰዓት ይመጣል ብለው ቃል አይገቡም፤ እንደ አቅም ይቀርባል፣ ሲቋረጥ ይነገራል ይላሉ። ደብረ ብርሃንን የመሰለች ከተማ ባለፉት ዓመታት ዩኒቨርሲቲ፣ ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ብዙ ተፈናቃይም ተቀብላለች፤ ጉድጓድ ቆፍሮ ፓምፕ መትከል ደግሞ ሰው በሚመጣበት ፍጥነት አይሄድም። ስለዚህ ያለው ውሃ ይከፋፈላል። ደንበኛው በትክክል መጠየቅ የሚችለው ፈረቃው የታወቀ እንዲሆን፣ ለሁሉም ሰፈር በሚዛን እንዲደርስና ሲቀየር እንዲነገረው ነው።

በፈረቃ የሚኖር ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ውሃው ሲጠፋ ባዶው ቧንቧ በአየር ይሞላል፤ ሲመለስ አየሩ ቀድሞ እየተገፋ ቆጣሪውን ሊያዞር ይችላል። ሌላውና ከባዱ ግን የጤናው ጉዳይ ነው። ቧንቧው ሙሉ ሆኖ ውሃው ሲገፋ በስንጥቁ ወደ ውጪ ይወጣል፤ ባዶ ሲሆን ግን ስንጥቁ በዙሪያው ያለውን እርጥብ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ከፈረቃ በኋላ መጀመሪያ የሚመጣው ውሃ ለልብስ እንጂ ለመጠጥ አይሁን። ከመንገዱ መስመር ላይ በቀጥታ ፓምፕ ገጥሞ መሳብም የሚከለከለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ የጎረቤትን ድርሻ ከመውሰዱ ባሻገር ያንን ቆሻሻ ለሰፈሩ ሁሉ ይጠራል።

ቧንቧ የሌለው ሰውስ ምን ውል አለው?

ከተማ ውስጥ ከቦኖ የሚቀዳ ሰው በስሙ የተጻፈ ውል የለውም፤ ውሉ በአገልግሎቱና ቦኖውን በሚያስተዳድረው ሰው ወይም ማኅበር መካከል ነው። ሻጩ ለአገልግሎቱ በሜትር ኩብ ይከፍላል፤ ለቀጂው በጀሪካን ይሸጣል። በመካከል ያለው ልዩነት የድካሙ ዋጋ ነው። የጀሪካኑ ዋጋ በቦኖው ላይ በግልጽ ካልተጻፈ ቀጂው ትክክለኛውን የሚያውቅበት መንገድ አይኖረውም።

ገጠር ላይ ውሉ የእድር ዓይነት ነው። ምንጭ ሲጎለብት ወይም የእጅ ፓምፕ ሲተከል የአካባቢው ሰው ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ በደቦ ይቆፍራል፣ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ከዚያም የውሃ ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ውስጠ ደንብ አለው፦ በወር ስንት ይዋጣል፣ ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ከብት ወደ አጥሩ ቢገባ ምን ይቀጣል፣ የጥበቃው ደመወዝ ከየት ይወጣል። እድር ሰው ሲሞት ተጯጩሆ ገንዘብ አይፈልግም፤ አስቀድሞ አስቀምጧል። የውሃ ኮሚቴም ዋና ሥራው ይኸው ነው። በብዙ ቀበሌ የምናየው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ውስጡ ያለው ጎማ ማለቁ አይቀርም፤ ጎማው ትንሽ ዕቃ ነው። ያልተዋጣ ገንዘብ ግን ያቺን ትንሽ ዕቃ እንኳ አይገዛም፤ ሴቶቹም እንስራቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ይመለሳሉ። መዋጮ በየወሩ ተሰብስቦ በባንክ የተቀመጠበትና ሒሳቡ በስብሰባ የሚነበብበት ውሃ ዕድሜው ይረዝማል።

በኮሚቴው ውስጥ ሴቶች ይኑሩ የሚባለውም ለወግ አይደለም። ውሃው ስንት ሰዓት መከፈት እንዳለበት፣ ወረፋው የት ላይ እንደሚያጣላ፣ ልጅ ለብቻው ተልኮ መቅዳት መቻሉን የሚያውቁት የሚቀዱት ናቸው።

ምንጩ ያለው በሌላ ሰው መሬት ላይ ከሆነስ?

ብዙም የማይነገርለት ስምምነት ይህ ነው፤ ጠብ የሚያነሣውም ይኸው ነው። የከተማ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከከተማው ውጪ፣ ከአርሶ አደሩ ማሳ ወይም ከግጦሹ ሥር ነው። ጣርማበር ላይ ቆሞ ያየ ሰው የአገራችን ውሃ እንዴት እንደሚከፈል ይገባዋል። ከሸንተረሩ በስተ ምዕራብ የዘነበው ወደ ጀማ፣ ከዚያ ወደ ዓባይ ይወርዳል። በስተ ምሥራቅ የዘነበው ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ቆላው፣ ከዚያ ወደ አዋሽ ይሄድና ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ይቀራል። ላይ ያለው የሚያደርገው ሁሉ ታች ላለው ይደርሳል።

ገበሬው ለዚህ የቆየ ሥርዓት አለው። በመስኖ በሚለማበት አገር የውሃ አባት ይመረጣል፤ ተራ የሚያወጣ፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ ሌሊት ሰርቆ ውሃ ወደ ራሱ ማሳ የሚመልሰውን የሚዳኝ ሰው ነው። ከተማው ከገጠር ቀበሌ ውሃ ሲወስድ የሚያስፈልገው ስምምነት የዚህ ታላቅ ወንድም ነው። ምን ያህል እንደሚወሰድ፣ ለቀበሌው ሰው ቦኖ፣ ለከብቱም ገንዳ እንደሚተው፣ በጉድጓዱ ዙሪያ የማይታረሰው ቦታ እስከ የት እንደሆነ፣ ጥበቃ የሚቀጠረው ከየት እንደሆነ ይጻፋል። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የተወሰደበት አርሶ አደር ካሳ የሚያገኘው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው፤ ይህ ግን መሬቱን እንጂ የተቋረጠውን የምንጭ ውሃ ሁልጊዜ አይመልስም፤ ስለዚህም ነው ስምምነቱ የሚያስፈልገው። አዋጅ 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውለውን ውሃ ከሌላው አገልግሎት ያስቀድማል፤ በእጅ ለተቆፈረ ጉድጓድና ለባህላዊ መስኖ ደግሞ ፈቃድ አይጠይቅም። የፈቃድ ወረቀት የሌለው ገበሬ መብት የለውም ማለት አለመሆኑን ሁለቱም ወገን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ቧንቧው በደጃፉ አልፎ ከተማ የሚገባ፣ እርሱ ግን ልጁን ወደ ወንዝ የሚልክ ሰው መስመሩን ቢቆርጥ እስር ይጠብቀዋል። አስቀድሞ ቦኖ የተሰጠው ግን የመስመሩ ጠባቂ ይሆናል።

ፍሳሹስ ከውሉ ውጪ ነው?

በመሥሪያ ቤቱ ስም ላይ «ፍሳሽ» አለ፤ በአብዛኞቹ ከተሞች ግን መሬት ውስጥ የተዘረጋ የፍሳሽ መስመር የለም። ወደ ቤት ከገባው ውሃ በግምት 80 በመቶው ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። የእማማ 6 ሜትር ኩብ ወደ 5 ገደማ ሆኖ በወር የሆነ ቦታ ይደርሳል፤ ያ ቦታ ግቢው ውስጥ ያለው ጉድጓድ ነው።

በደንብ የተሠራ ጉድጓድ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ደረቁ ይዘቅጣል፤ ውሃው ወደ ሁለተኛው ያልፍና ቀስ ብሎ ወደ አፈር ይሰርጋል። እንደ እነዋሪ ባለ ጥቁር ዋልካ አገር ክረምት ሲገባ አፈሩ ራሱ ውሃ ጠግቦ ስለሚያብጥ የጉድጓዱን ውሃ አይመጥም፤ ጉድጓዱ ሞልቶ ወደ መንገድ ይወጣል። ስለዚህ የማስመጠጫ መኪና የሚጠራው ከሰኔ በፊት ነው። የውሃ ጉድጓድ ያለው ሰው ከሽንት ቤቱ ቢያንስ 30 ሜትር ያርቀው፤ በተዳፋቱም በላይ በኩል ይሁን። ዓለት በተሰነጠቀበት ቦታ ደግሞ 30ውም ላይበቃ ይችላል። ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በባልዲ መቅዳት ግን ፈጽሞ አይሞከር፤ ከታች የሚጠራቀመው ጋዝ በትንፋሽ መሐል ሰው ይጥላል፤ ሊያወጣው የገባውንም ይደግማል።

ማስመጠጥ ራሱ ውል ነው። የሚከፈለው በመኪናው ምልልስ ነው፤ ስለዚህ የቦቴውን ሊትር ጠይቀው ደረሰኝ ይያዙ። መኪናው የት እንደሚደፋም ይጠይቁ። ለምሳሌ ከደብረ ብርሃን ዳር ወዳለ ወንዝ የተደፋ ነገር የበሬሳን ወንዝ ተከትሎ ወደ ጀማ የሚወርድ፣ በመንገዱም ከብት የሚጠጣው ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አካባቢን መበከልን ይከለክላል፤ ፋብሪካም ቢሆን ፍሳሹን ሳያጣራ ወንዝ ውስጥ መልቀቅ አይችልም።

ቅሬታ ያለው ሰው ምን ይያዝ?

ውሉን፣ ያለፉትን ስድስት ወር ደረሰኞች፣ የቆጣሪውን ፎቶግራፍ ከነቀኑ። አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበት። ቆጣሪው ተሳስቷል የሚል ሰው እንዲፈተሽለት ይጠይቃል፤ ወጪው የማን እንደሆነ መመሪያው ይናገራል። መልስ ከሌለ ወደ ቦርዱ፣ ከዚያም ወደ ከተማ አስተዳደሩ። የአስተዳደር በደል ሲሆን የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል።

ከእማማ ጋር ሄደን ጠየቅነው «ቢሉ ይሰረዝልን» ብለን አልነበረም። 15ቱ ሜትር ኩብ ከዚያ በፊት በግምት ከተሞሉት ሦስት ወራት ጋር ተካፍሎ ለእያንዳንዱ ወር 6 ሆኖ እንዲሰላ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ወረቀቱን አየች፣ ከኮምፒውተሩ የንባቡን ዝርዝር አወጣች፣ ሦስቱ ወራት ላይ «ዝግ» የሚለውን አገኘች። በተከታዩ ወር ልዩነቱ ተቀናሽ ሆኖ መጣ። እማማ አሁን ከቤት ሲወጡ የቆጣሪውን ቁጥር በእርሳስ በቁራጭ ወረቀት ጽፈው በራቸው ላይ ይለጥፉታል።